አያልቅም የተባለው ባሕር

አንድ ማታ ስለ ዓለም የአየር ጠባይ ስናስተምር፣ ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ የዘለለ አባት፣ እጃቸውን አወጡና «ልጆቼ፣ እንዲህ በረዶ የሚከመርበት አገር ሰው ምን በልቶ ያድራል? ለመሆኑ ብርድ ምን ያፈራል?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም «አባባ፣ ዓሣ እያጠመዱ ይኖራሉ» ብለን ወደሚቀጥለው ትምህርት አለፍን። ቆይተን ስናስበው ግን መልሳችን ጥያቄውን ከሰው ወደ ዓሣ አዞረው እንጂ አልመለሰውም። ዓሣውስ በዚያ ብርድ ምን በልቶ ያድራል? ሰዎቹስ ከመቼ ጀምረው፣ እንዴት አድርገው አጠመዱት? ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚያ ጥያቄ የሚገባውን መልስ ለመስጠት ነው።

ለምሳሌ የወሰድነው ኒውፋውንድላንድ የምትባለውን ደሴት ነው። ኒውፋውንድላንድ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ትገኛለች። ስፋቷ ከ100 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከ1949 ጀምሮ የካናዳ ክፍል ናት። በስተሰሜንዋ ላብራዶር የተባለው ብርዳም አገር ይገኛል። ይህችን ደሴት የመረጥነው ሁለት ከባድ ነገሮች ስለ ደረሱባት ነው። አንደኛ፣ ከጥንት ጀምሮ በዳርቻዋ ይኖር የነበረው ሕዝብ እንደ ሕዝብ ጠፋ። ሁለተኛ፣ አያልቅም ይባል የነበረው ዓሣዋ ተመናመነ። በሁለቱ መካከል ከ160 ዓመት በላይ አለ። ይሁን እንጂ ሁለቱን ያመጣቸው አስተሳሰብ አንድ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ብርድ እንዴት ሀብት ይሆናል?

ብዙዎቻችን ሙቀት ልምላሜ ነው፣ ብርድ ድርቀት ነው ብለን እናስባለን። በየብስ ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። በባሕር ግን ነገሩ ብዙውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው።

እህል እንዲያፈራ ፀሐይና ውሃ ብቻ እንደማይበቁት ማንም ገበሬ ያውቃል። መሬቱ ፍግ ያስፈልገዋል። ባሕርም እንደዚሁ ነው። በባሕር ውስጥ የሚሞቱት እንስሳትና ዕፀዋት እየበሰበሱ ወደ ጥልቁ ይሰምጣሉ፤ የባሕር ፍግ ማለት ይህ ነው። ችግሩ ፍጉ ከታች፣ የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ከላይ መሆኑ ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ ምንም አይበቅልም። በሞቃት ባሕር የላይኛው ውሃ ይሞቃል፤ የሞቀ ውሃም ስለሚቀል በወጥ ላይ እንደሚንሳፈፍ ዘይት ከላይ ተኝቶ ይቀራል፤ ከታችኛው ጋር በቀላሉ አይቀላቀልም። ስለዚህ ብዙ ሞቃት ባሕሮች ጥርት ብለው ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። ለዓይን ያምራሉ፤ ነገር ግን ጥራታቸው የድኅነታቸው ምልክት ነው።

ብርዳም ባሕር ግን እንዲህ አይደለም። በብርዱ ወራት የላይኛው ውሃ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ውሃ ይከብዳል፤ የከበደም ይሰምጣል። በዚያ ላይ ማዕበሉ ያማስለዋል። በዚህ ጊዜ ከታች የነበረው ፍግ ወደ ላይ ይወጣል። ገበሬ በሬውን ጠምዶ መሬቱን እንደሚገለብጥ ሁሉ ብርዱም ባሕሩን ያርሰዋል ማለት ይቻላል። ከዚያ ብርዱ ሲያልፍ ቀኑ ይረዝማል። በኒውፋውንድላንድ ሰኔ ላይ ፀሐይ በቀን 16 ሰዓት ያህል ትታያለች። ፍግና ብርሃን ሲገናኙ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ዕፀዋት በባሕሩ ላይ በብዛት ይፈላሉ። እነዚህንና ከነሱ ጋር የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን እንስሳት ሊቃውንት ፕላንክተን ይሏቸዋል። የባሕሩ ግጦሽ እነሱ ናቸው።

ጥቃቅኖቹ እንስሳት ጥቃቅኖቹን ዕፀዋት ይበላሉ። እነሱን ካፕሊን የሚባል፣ ቢለካ ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ ዓሣ ይበላቸዋል። ካፕሊኑን ደግሞ ኮድ የሚባለው ትልቁ ዓሣ፣ የባሕር ወፍ፣ አቆስጣና ዓሣ ነባሪ ይመገቡታል። (አቆስጣ በባሕርና በበረዶ ላይ የሚኖር ጠጉራም እንስሳ ነው፤ ግልገሉን የሚያጠባ ስለሆነ ከዓሣ ወገን አይደለም።) በየዓመቱ በሰኔና በሐምሌ ካፕሊን እንቁላሉን ለመጣል በሚልዮን እየሆነ ወደ ባሕሩ ዳር ይመጣል። ከሞገዱ ጋር አሸዋው ላይ ሲንከባለል ሰው በእጁና በባልዲ ይዝቀዋል። ኮዱም ካፕሊኑን እያሳደደ ከጥልቁ ወደ ዳርቻው ይመጣል። የደሴቲቱ ሰዎች ትንሽ ጀልባ ይዘው ኮድ ለማጥመድ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ቦታ የረዱት ሌሎች ነገሮችም አሉ። ከሰሜን የላብራዶር ጅረት የተባለው ብርዳም የባሕር ውስጥ ወንዝ፣ አንዳንድ ጊዜም የበረዶ ተራራ ተሸክሞ ይወርዳል። ከደቡብ ደግሞ ጋልፍ ስትሪም የተባለው ሞቃት ጅረት ይመጣል። ሁለቱ የሚቀራረቡት ከደሴቲቱ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ግራንድ ባንክስ በሚባለው ሰፊ የባሕር ውስጥ ደልዳላ ቦታ አካባቢ ነው። እዚያ የባሕሩ ጥልቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሜትር በታች ስለሆነ ብርሃንና ፍግ በቀላሉ ይገናኛሉ። ከዚህም ሌላ ብርዳም ውሃ ከሞቃት ውሃ ይልቅ ብዙ ኦክሲጅን፣ ማለትም እንስሳ የሚተነፍሰውን አየር፣ ይይዛል። ታዲያ ዓሣው አይበርደውም ወይ? የባሕር ውሃ ጨው ስላለበት ከዜሮ በታች ወደ 2 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ አይረጋም። ኮድ ደግሞ በብርድ ጊዜ ደሙ እንዳይረጋ የሚከላከል ንጥረ ነገር በሰውነቱ ውስጥ ይሠራል።

እንግዲህ ብርድ ያፈራል። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ልብ እንድትሉ እንፈልጋለን፤ የቀረው ታሪክ ሁሉ በነዚህ ላይ የቆመ ነውና። አንደኛ፣ በብርዳም ባሕር የእንስሳቱ ቁጥር ብዙ ሲሆን ዓይነታቸው ጥቂት ነው። ብዙ ፍጥረት የተደገፈው በአንድ ትንሽ ዓሣ ላይ ነው። ካፕሊኑ ከጎደለ ኮዱም፣ ወፉም፣ ዓሣ ነባሪውም ይጎዳሉ። ሁለተኛ፣ በብርድ ያለ ፍጥረት ቀስ ብሎ ያድጋል። ጊደር በአራት ዓመቷ ገደማ ትወልዳለች፤ የኒውፋውንድላንድ ኮድ ግን እንቁላል ለመጣል ስድስት ሰባት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ትልቋ ኮድ በአንድ ወቅት ሚልዮን እንቁላሎች ትጥላለች፤ ከነዚያ ሁሉ አድገው ለመውለድ የሚበቁት ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ባሕሩ ሞልቶ ቢታይም የሞላው በአንድ ዓመት ዝናብ አይደለም፤ በብዙ ዓመት ጥሪት ነው።

2. የጥንቶቹ ዓሣ አጥማጆች

በዚህ ዳርቻ ሰው መኖር የጀመረው ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ነው። በደቡብ ላብራዶር፣ ላንስ አሙር በተባለ ቦታ፣ ከ7 ሺህ ዓመት በፊት የተቀበረ የአንድ ልጅ መቃብር ተገኝቷል። በላዩ ድንጋይ ተከምሮበታል፤ ከአስከሬኑ ጋር ከተቀበሩት ዕቃዎች መካከል የባሕር እንስሳ ማደኛ መሣሪያ ነበረበት። በኒውፋውንድላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ፖርቶ ሽዋ በተባለች መንደር፣ በ1967 ቤት ለመሥራት መሬት ሲቆፈር ወደ 4 ሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው የመቃብር ስፍራ ተገኘ። ከአጥንቶቹ ጋር ከአጥንትና ከድንጋይ የተሠሩ ጦሮች፣ መርፌዎችና በወፍ ምስል የተቀረጹ ዕቃዎች ነበሩ። በአስከሬኖቹም ላይ ቀይ አፈር ተነስንሶባቸው ነበር።

አውሮፓውያን በመጡ ጊዜ በደሴቲቱ ይኖሩ የነበሩት ቤዮተክ የሚባሉ ሕዝቦች ናቸው። እነሱም ገላቸውን፣ ልብሳቸውንና ታንኳቸውን በቀይ አፈር ይቀቡ ነበር። ታንኳቸውን የሚሠሩት በርች ከሚባል ዛፍ ቅርፊት ነው። ኑሯቸው ከወራቱ ጋር የሚዘዋወር ነበር። በፀደይ አቆስጣ ያድናሉ። በበጋ በወንዞች አፍ ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ከባሕሩ ዳር ዛጎል ያላቸውን እንስሳት ይለቅማሉ፤ የወፍ እንቁላል ይሰበስባሉ። ፈንክ ወደተባለችው ደሴት፣ ማለትም በክፍት ባሕር ላይ 60 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በቅርፊት ታንኳ እየቀዘፉ ይሄዱ ነበር። እንዴት ያለ ድፍረት ነው! እዚያ የሚሄዱት መብረር የማይችለውን ግሬት ኦክ የሚባለውን ትልቅ ወፍና እንቁላሉን ፍለጋ ነው። ብርዱ ሊገባ ሲል ወደ ደሴቲቱ መሐል ይገባሉ። በኤክስፕሎይትስ ወንዝ ዳር ዛፍ እየጣሉ ረዣዥም አጥር ይሠራሉ፤ ካሪቡ የሚባለውን አጋዘን በአጥሩ እየነዱ ወንዙ ውስጥ ይገድሉታል። ሥጋውንና ዓሣውን አድርቀው ለብርዱ ወራት ያስቀምጣሉ።

አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብን። እነዚህ ሰዎች ባሕሩን ያላጠፉት ቅዱሳን ስለሆኑ ነው ብለን አናስተምርም። ቁጥራቸው ጥቂት ነበር፤ መሣሪያቸውም ትንሽ ነበር፤ ዓሣውን የሚፈልጉትም ለምግባቸው እንጂ ለገበያ አልነበረም። ይሁን እንጂ ከነሱ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ፤ ኑሯቸውን በአንድ ነገር ላይ አልጣሉም። አቆስጣው ቢቀር ሳልሞኑ አለ፤ ሳልሞኑ ቢቀር ካሪቡ አለ። ብርዳም አገር ዓይነቱ ጥቂት ስለሆነ በአንዱ ላይ የተደገፈ ሰው አንድ ክፉ ዓመት ይጥለዋል። እነሱ ይህን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ለመኖር ሁለቱም ያስፈልጋቸዋል፤ የባሕሩ ዳርም፣ የደሴቲቱ መሐልም። ይህን በልባችሁ ያዙልን።

3. የመጤዎቹ ዘመን

በ1497 ጆን ካቦት የተባለው ጣልያናዊ መርከበኛ የእንግሊዝን ንጉሥ ፈቃድ ይዞ ወደዚህ ባሕር መጣ። ሲመለሱ ሰዎቹ ያወሩት ወሬ አውሮፓን አስገረመ፤ ዓሣው ከመብዛቱ የተነሳ መረብ እንኳ ሳያስፈልግ ድንጋይ ታስሮበት በሚወርድ ቅርጫት ይያዛል አሉ። ከዚያ በኋላ ፖርቱጋሎች፣ ባስኮች፣ ፈረንሳዮችና እንግሊዞች በየዓመቱ ይጎርፉ ጀመር። ኮዱን ይሰነጥቁታል፤ በጨው ያሹታል፤ በፀሐይና በነፋስ ያደርቁታል። እንዲህ የተዘጋጀ ኮድ ሳይበላሽ ረዥም ጊዜ ይቆያል። ጥሩው በአውሮፓ ገበያ ይሸጣል። ዝቅተኛው ደግሞ በካሪቢያን ደሴቶች የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ በባርነት ለሚማቅቁት አፍሪካውያን ቀለብ ይላካል። እንግዲህ የአንዱ ባሕር ዓሣ የሌላውን ምድር ግፍ ይቀልብ ነበር።

ዓሣ አጥማጁስ ተጠቀመ? ከመጤዎቹ መካከል ድሃው ዓሣ አጥማጅ ራሱ በዕዳ የተያዘ ነበር። ነጋዴው በወራቱ መጀመሪያ ዱቄት፣ ጨው፣ መረብና ልብስ በዱቤ ይሰጠዋል፤ በወራቱ መጨረሻ ዓሣውን ራሱ ነጋዴው በቆረጠው ዋጋ ይረከበዋል። ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ገንዘብ በእጃቸው ሳይጨብጡ ኖረዋል።

አስቀድሞ የተጎዱት ወፎቹ ናቸው። በ1534 ዣክ ካርትየ የተባለው ፈረንሳዊ በፈንክ ደሴት ሲያልፍ ሰዎቹ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሁለት ጀልባ ሙሉ ግሬት ኦክ ገድለው ጫኑ። መብረር የማይችል ወፍ ወዴት ያመልጣል? ለሥጋው፣ ለስቡና ለላባው ሲታረድ ኖረ። በዓለም ላይ የመጨረሻዎቹ መሆናቸው የሚታወቁት ሁለቱ በ1844 በአይስላንድ አጠገብ ተገደሉ። ዛሬ ይህ ወፍ በምድር ላይ የለም።

በመጀመሪያው ዘመን አጥማጆቹ በበጋ መጥተው በመጸው ይመለሱ ስለነበር ቤዮተኮች ብዙም አልተቸገሩም። እንዲያውም የሄዱትን ሰዎች ማድረቂያ ሰፈር እየበረበሩ ምስማር ይለቅሙና ቀጥቅጠው የቀስት ጫፍ ይሠሩበት ነበር። መጤዎቹ ግን ይህን ሌብነት ብለው ጠሩት፤ ጠላትነት በዛ። በኋላ ሰፋሪዎች ዓመቱን ሙሉ መቀመጥ ጀመሩ። በ18ኛው መቶ ዓመት ሰሜናዊውን ዳርቻ ያዙ፤ በሳልሞን ወንዞች አፍ ላይ መረባቸውን ዘረጉ። ቤዮተኮች ወደ ባሕሩ ዳር ሲመጡ ጠመንጃ ጠበቃቸው። ስለዚህ ወደ መሐሉ ሸሹ፤ የቀራቸውም ካሪቡ ብቻ ሆነ።

ሁለቱም ያስፈልጋቸዋል ያልነውን አስታውሱ። ከባሕሩ የተቆረጠ ሕዝብ ካሪቡ በቀረበት ዓመት ሌላ የሚበላው አልነበረውም። ረሃብ ገባ። ከአውሮፓውያን የመጣው የሳንባ ነቀርሳም በረሃብ የደከመውን ሰው ጨረሰው። በ1769 ቤዮተክን መግደል ወንጀል ነው የሚል አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ አዋጁ ግን የተዘጋውን የወንዝ አፍ አልከፈተም።

4. ታሪኳን በሥዕል የተወች ሴት

በመጋቢት 1819 የታጠቁ ሰፋሪዎች ወደ ደሴቲቱ መሐል ዘልቀው ደማስዱዊት የተባለች ሴት ማረኩ። ሊያስጥላት የመጣውን ባሏን ኖኖሳባሱትን ገደሉት። ትታው የሄደችው ሕፃንም ሞተ። የፍርድ ሸንጎ ነገሩን መርምሮ ገዳዮቹን ጥፋተኛ አላላቸውም። እሷም በጥር 1820 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች።

በ1823 የደማስዱዊት የእህት ወይም የወንድም ልጅ የሆነችው ሻናውዲቲት ከእናቷና ከእህቷ ጋር በረሃብ ተጎሳቁለው በሰፋሪዎች እጅ ወደቁ። እናቷና እህቷ ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ሻናውዲቲት በአንድ ሰፋሪ ቤት አምስት ዓመት አገለገለች። በ1828 ዊልያም ኮርማክ የተባለ ሰው ስለ ሕዝቧ ሊጠይቃት ሴንት ጆንስ ወደተባለችው ከተማ አስመጣት። ወረቀትና እርሳስ በተሰጣት ጊዜ ሥዕል መሣል ጀመረች። ሐይቁንና ወንዙን በካርታ አሳየች፤ አክስቷ የተማረከችበትንና ሰውዬው የወደቀበትን ቦታ ምልክት አደረገች፤ የሕዝቧን ቤት፣ ጦርና ጽዋ ሣለች። ከሥዕሎቿ አንዱ የምግባቸው ሥዕል ነው፤ የደረቀ ሳልሞን፣ የደረቀ ሥጋ፣ የአቆስጣ ስብ፣ ዘይት የተሞላ ፊኛ ይታይበታል። እንግዲህ ከመሐሉ ምድር ታፍሳ የመጣችው ሴት ከረሳችው ባሕር ሳይሆን ከተነጠቀችው ባሕር ምን ይገኝ እንደነበር በእጇ አስመዘገበች። ሰኔ 6 ቀን 1829 እሷም በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ከሚታወቁት ቤዮተኮች የመጨረሻዋ እሷ ነበረች።

ያም ሆኖ የደሴቲቱ ነባር ሕዝቦች ሁሉ ጠፍተዋል ማለት ስሕተት ነው። ሚክማቅ የሚባለው ሕዝብ ዛሬም በኒውፋውንድላንድ ይኖራል፤ የቤዮተክ ደም በመካከላችን አለ ብሎም ከአባት ከእናት የወረደ ታሪክ ይናገራል። በላብራዶርም ኢኑዊትና ኢኑ የተባሉት ሕዝቦች ዛሬም ያድናሉ፣ ያጠምዳሉ። የደማስዱዊትና የባሏ የራስ ቅል ወደ ስኮትላንድ ተወስዶ በሙዚየም ተቀምጦ ነበር፤ ከብዙ ልመና በኋላ በ2020 ወደ ደሴቲቱ ተመልሷል።

ስለ ቤዮተክ የተጻፈው ከሞላ ጎደል በሌሎች፣ ብዙውንም ባሳደዷቸው ሰዎች እጅ ነው። ከራሳቸው ወገን በወረቀት ላይ የቀረው የአንዲት ሴት ጥቂት ሥዕሎች ብቻ ናቸው። ፊደል መቁጠርና የራስን ታሪክ በራስ እጅ መጻፍ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘንም።

5. መርከቦቹና ሒሳቡ

አሁን ወደ ዓሣው እንመለስ። ለ450 ዓመታት ኮድ የተያዘው በመንጠቆ፣ በመረብና በትንሽ ጀልባ ነው። በ1954 ፌርትራይ የተባለች የእንግሊዝ መርከብ በዚህ ባሕር ሥራ ጀመረች። ይህች መርከብ ትልቅ መረብ በባሕሩ ወለል ላይ ትጎትታለች፤ የያዘችውን ዓሣ እዚያው መርከቡ ላይ ትበልታለች፣ ታቀዘቅዛለች። ተንሳፋፊ ፋብሪካ ማለት ናት። ከሷ በኋላ የሶቪየት ኅብረት፣ የስፔን፣ የፖርቱጋል፣ የጀርመንና የሌሎችም አገሮች መርከቦች ተከታተሉ። ኮዱ በብርድ ወራት ለመራባት የሚሰበሰብበትን ጥልቅ ቦታ ሳይቀር በመሣሪያ እየፈለጉ አገኙት። ዕረፍት የሚያገኝበት ወቅትም፣ የሚደበቅበት ቦታም አልቀረለትም።

በ1968 ከላብራዶርና ከምሥራቃዊ ኒውፋውንድላንድ ባሕር የተያዘው ኮድ 810 ሺህ ቶን፣ ማለትም 8 ሚልዮን 100 ሺህ ኩንታል ደረሰ። ያን ያህል ከዚያ በፊት ተይዞ አያውቅም፤ ከዚያም በኋላ አልተያዘም። በ1978 ከ140 ሺህ ቶን በታች ወረደ። በ1977 ካናዳ ከዳርቻዋ እስከ 370 ኪሎ ሜትር ያለው ባሕር የኔ ነው ብላ የውጭ መርከቦችን አስወጣች። ሕዝቡ እፎይ አለ። ነገር ግን በውጭዎቹ ፈንታ የአገሩ ኩባንያዎች ትልልቅ መርከቦች ገቡ። መረቡ ያው መረብ ነው፤ የተለወጠው ባንዲራው ነው።

በ1980ዎቹ በትንሽ ጀልባ የሚያጠምዱት ሰዎች «ዓሣው አነሰ፤ የሚመጣውም ጥቃቅን ነው» እያሉ ጮኹ። የመንግሥት ሊቃውንት ግን ዓሣው እየበዛ ነው አሉ። ለምን ተሳሳቱ? ከሚቆጥሩባቸው መንገዶች አንዱ ትልልቆቹ መርከቦች በአንድ ሰዓት ምን ያህል ያዙ የሚለው ነበር። የመርከቦቹ ምርት ስላልቀነሰ ባሕሩ ሙሉ ነው ብለው ገመቱ። በእህል ጎታ አስቡት። ከጎታው ሥር ያለውን ቀዳዳ ስትከፍቱት እህሉ ጎታው ሙሉ ሲሆንም፣ ሊያልቅ አንድ ቁና ሲቀረውም፣ በዚያው ኃይል ይፈስሳል። በቀዳዳው የሚወርደውን ብቻ ያየ ሰው እስከ መጨረሻዋ ቁና ድረስ «ገና ሙሉ ነው» ይላል። ኮዱም እያነሰ በሄደ ቁጥር ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰብ ነበር፤ መርከቦቹም በመሣሪያቸው የተሰበሰበበትን ስለሚያገኙት መረባቸው እንደ ድሮው ሞልቶ ይወጣ ነበር። ክዳኑን ከፍተው ያዩት ትንንሾቹ አጥማጆች ናቸው፤ ግን ማን ሰማቸው!

በ1989 ሊቃውንቱ ሒሳባቸውን እንደገና ሲመረምሩ ዓሣውን አብዝተው እንደ ገመቱ ገባቸው። ለዚያ ዓመት ከ125 ሺህ ቶን በላይ አይያዝ አሉ። መንግሥት ግን ፋብሪካ ይዘጋል፣ ሰው ሥራ ያጣል በማለት 235 ሺህ ቶን ፈቀደ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሐምሌ 2 ቀን 1992 ግን ኮድ ማጥመድ ጨርሶ ተከለከለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ ሰው በአንድ ቀን ሥራ ፈታ። በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ከአውራጃው ሕዝብ ከአሥር አንዱ ያህል ቀነሰ፤ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ አገር ሄደ።

በነዚያው ዓመታት ባሕሩ ከወትሮው የበለጠ ቀዝቅዞ ነበር፤ ካፕሊኑም በ1990ዎቹ መጀመሪያ እጅግ ቀነሰ። ይህ ጉዳቱን አባብሶታል። ይሁን እንጂ ዋናው ምክንያት ከልክ በላይ ማጥመድ መሆኑን አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማሙበታል። ኮዱ ሲጠፋ ይበላቸው የነበሩት የባሕር ሸርጣንና ሽሪምፕ በዙ፤ ብዙ አጥማጆችም ወደነሱ ዞሩ። እገዳው ለሁለት ዓመት የታሰበ ነበር፤ የተነሳው ግን ከ32 ዓመት በኋላ በ2024 ነው። ለዚያ ዓመት የተፈቀደውም 18 ሺህ ቶን ብቻ ነበር። ከ1968ቱ ጋር ስታስተያዩት ከአርባ እጅ አንድ እጅ እንኳ በቅጡ አይሞላም። በሃያ ዓመት የተጋዘው ጥሪት በሠላሳ ዓመት ሊመለስ አልቻለም፤ በብርድ ያለ ፍጥረት ቀስ ብሎ ያድጋል ያልነው ስለዚህ ነው።

6. ከዚህ ምን እንማራለን?

ቤዮተኮችን ከባሕሩ ዳር ያባረረው ሰው «ባሕሩ ሰፊ ነው፤ ሌላ ቦታ ይሂዱ» ብሎ ያስብ ነበር። ኮዱን በመርከብ ያጋዘውም «ባሕሩ ሰፊ ነው፤ አያልቅም» አለ። ሁለቱም የባሕሩን ስፋት እንጂ በውስጡ ያለው ሕይወት በምን ላይ እንደ ቆመ አልጠየቁም። ሕዝቡ የቆመው በወንዝ አፍና በአጋዘን መንገድ ላይ ነበር። ኮዱ የቆመው በካፕሊንና በትልልቆቹ እናቶች ላይ ነበር። እነዚህ ሲነኩ የቀረው ስፋት ምንም አልጠቀመም። በሁለቱም ጊዜ የሚያውቁት ሰዎች ነበሩ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ተገደሉ፣ በሁለተኛው ጊዜ አልተሰሙም።

ስለዚህ ማንበብና መቁጠር ከተማርን በኋላ የሚቀጥለው ትምህርት መጠየቅ ነው። አንድ ሰው ቁጥር ይዞ ሲመጣ «ይህን ከየት ቆጠርከው? ከቀዳዳው ነው ወይስ ክዳኑን ከፍተህ?» እንበለው። ሐይቅም ሆነ ደን ወይም የግጦሽ መሬት የጋራ ከሆነ ጥያቄው የሁሉም ነው።

ለአባታችንም መልሳችን ይህ ነው። አባባ፣ ብርድ ያፈራል፤ አንዳንዴም ከሙቀት አብልጦ ያፈራል። የሚያፈራው ግን ቀስ ብሎ ነው። ፍሬውን የሚበላ ሰው ዘሩን ማስቀረት አለበት፤ ይህን ደግሞ ከእኛ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሞቃት ባሕር ብዙውን ጊዜ በዓሣ ድሃ የሚሆነው ለምንድን ነው?
2. ቤዮተኮች ከባሕሩ ዳር ሲባረሩ በደሴቲቱ መሐል ካሪቡ እያለ ለምን ተራቡ?
3. የሊቃውንቱ ቆጠራ የተሳሳተው እንዴት ነው? የጎታውን ምሳሌ በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
4. በ1989 ውሳኔ ሰጪ እናንተ ብትሆኑ ምን ትወስኑ ነበር? ሥራ የሚያጡትን ሰዎችስ ምን ታደርጓቸው ነበር?
5. በአካባቢያችሁ ቀድሞ ብዙ የነበረ፣ አሁን ግን ያነሰ የጋራ ሀብት አለ? መቀነሱን መጀመሪያ ያዩት እነማን ናቸው? ሰሚስ አገኙ?